ላም አለኝ በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በማይጨበጥ ሀብት ለሚመካ ሰው ነው። ብዙዎች የላሚቱን በሰማይ መሆን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል። ለእኔ ግን ክሱ ያለው ሁለተኛው ሐረግ ላይ ነው። ወተት ብትሰጥ ኖሮ የትም ብትውል ማን ይወቅሳት ነበር? 7 ቁጥርንም ያየው የለም፤ ሒሳቡ ግን ይታለባል።

የቃላት ፍቺስ ይታለባል? ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 አጥቢያ ኮከብና የምሽት ኮከብ አንዲት ቬነስ ሆነው ሳሉ ስሞቹ ፍቺያቸው እንደሚለያይ አሳየ። በ1918 ደግሞ ሐሳብ ከግዑዙ ዓለምም ከሰው ልቡናም ውጭ በሦስተኛ ዓለም ይኖራል አለ። ላሚቱ ሰማይ ወጣች። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊላርድ ኩዋይን በ1948 ተቃወመ፤ ሁለት አነጋገሮች በፍቺ አንድ ናቸው ለማለት «ፍቺ» የሚባል ነገር አለ ብሎ ማመን አያስፈልግም አለ። ገበሬው ያወጣቸው ሁለት ፈሮች ትይዩ ሲሆኑ «አቅጣጫ» የሚባል ዕቃ ከአፈሩ ሥር ቆፍረን አንፈልግም።

አንዲት እናት ባዕድ አገር ሐኪም ፊት ቀርባ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» አለች እንበል። አስተርጓሚው «ሆዷን ያማታል» ቢል መሳሳቱን ወዲያው እናውቃለን። በምን አወቅን? ወደ ሰማይ አንጋጠን ሁለት ፍቺዎችን አላስተያየንም። የእርሷን ቃል የሰማ ጎረቤት አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ማን ናፈቀሽ?» ይላታል፤ የአስተርጓሚውን የሰማ ሐኪም ግን የሆድ መድኃኒት ያዛል። «ሁለት ቃላት ለምን በፍቺ አንድ ሆኑ?» ለሚል ሰው «አንድ ፍቺ ስላላቸው» ብንለው ጥያቄውን መልሰን ሰጠነው እንጂ ምን አጠጣነው?

ፍቺን እንደ ዕቃ ማሰቡ ለእኛ ይቀለናል፤ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል ብለን ለምደናል። ቋንቋችን ግን ነገሩን በሌላም መንገድ ይጠራዋል፦ ፍቺ መፍታት ነው፣ ገመድ ሲፈታም ከቋጠሮው ውስጥ የሚወጣ ዕቃ የለም። ትርጉም የምንለውም ያው መተርጎሙ ነው።

ከኩዋይን የምለየው ከዚህ በኋላ ነው። በ1951 የፍቺን አንድነት ራሱን እስከ መጠራጠር ደረሰ፤ እኔ እስከዚያ አልከተለውም። የዚያች እናት ቃል በትክክል ሊተረጎም ይችላል፣ ሊበላሽም ይችላል፤ ልዩነቱም ለእርሷ ቀላል አይደለም። አስተርጓሚው «ውስጧ ባዶ ሆኖባታል» ቢል፣ ሐኪሙም ብዕሩን አስቀምጦ ስለ ልጆቿ ቢጠይቃት፣ ያቺ እናት ቃሏ እንደ ደረሰላት ታውቃለች።