ስለ ክፉ ሰው ፍጻሜ

የክፉ ሰው ታሪክ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? ሲሞት ነውን፣ ሲታሰር ነውን፣ ወይስ የመመለሻውን ደጅ በገዛ እጁ የዘጋ ዕለት? የግሪኩ ጠቢብ ሶሎን ለባለጸጋው ንጉሥ ለክሮይሶስ፣ ሰው ፍጻሜው ሳይታይ ብፁዕ ሊባል እንደማይገባው መክሮት ነበር ሲል ሄሮዶቱስ ተርኮልናል፤ ምክሩ ግን ለብፁዓን ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ፍጻሜው ያልታየ ሰው ብፁዕ መባል የማይገባው ከሆነ፣ በዚያው ሚዛን ርጉም መባልም አይገባውምና።

ይህን አሮጌ ጥያቄ በኅሊናዬ የቀሰቀሰው፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 2024 በኤችቢኦ ጣቢያ በ8 ክፍል የታየው፣ ሎረን ለፍራንክ የመራችው ዘ ፔንግዊን የተባለው የወንጀል ድራማ ነው። ፔንግዊን በ1941 እ.ኤ.አ. በሥዕላዊ መጽሔት ላይ የተወለደ፣ ረጅም ባርኔጣ የደፋ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ልጆች የሚሥቁበት የባትማን ባላንጣ ነበር፤ በዚህ ድራማ ግን ባርኔጣውንና ጃንጥላውን ተቀምቶ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ እናቱን የሚያመልክ ኦዝ ኮብ የተባለ ወንበዴ ሆኖ ቀርቧል፤ ኮሊን ፋረል የተባለው ተዋናይም በፊቱ ላይ ከተለጠፈለት ሰው ሠራሽ ሥጋ የተነሣ የሚያውቀው ሰው እንኳ የማይለየው ሆኖ ተጫውቶታል። በመጫወቻነት የተፈጠረ ፍጡር ሥጋና ነፍስ ሲሰጠው፣ ተመልካቹም እንደ ሥጋና ነፍስ ባለቤት ፍጻሜውን ይጠይቅለታል፤ የድራማው ታላቅነትም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ጎታም በምትባለው ልብ ወለድ ከተማ የባሕሩ ግንብ ተደርምሶ የድሆቹን ሠፈር ጎርፍ በበላበት ሰሞን፣ ቤተ ሰቦቹ ያለቁበት፣ ሲናገር ምላሱ የሚያዝበት ቪክ የተባለ አንድ ወጣት የኦዝን መኪና ቸርኬ ሊሰርቅ ሲታገል ይያዛል፤ ኦዝም ሊገድለው ካሰበ በኋላ ይተወዋል፣ ሾፌሩም አድርጎ ይቀጥረዋል። ከዚያ ወዲያ በሰባት ክፍል ውስጥ የምናየው ግድያ፣ ክሕደትና ተንኮል ለቍጥር የሚታክት ነው፤ በአባትዋ ወንጀል ዕብድ ተብላ ዐሥር ዓመት የታሰረችው የሶፊያ ፋልኮኔ መከራ ብቻውን ሌላ መጣጥፍ ይወጣዋል። ቪክ ግን በየክፍሉ ከጌታው ጎን አለ፤ ይማራል፣ ይፈራል፣ እያደር ይወደዋል። በመጨረሻው ክፍል ጠላት ሁሉ ከወደቀ በኋላ፣ ሁለቱ በወንዝ ዳር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቪክ ኦዝን እንደ ቤተ ሰቡ እንደሚቈጥረው ሲነግረው፣ ኦዝ ያንን ልጅ አንገቱን አንቆ ይገድለዋል፤ ከኪሱም ገንዘቡን ይወስድና መታወቂያውን ወደ ውኃው ይወረውራል።

በቤተ ክህነት ደጅ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ትዕይንት ከሌላው ተመልካች ይልቅ የሚመርበት ምክንያት አለው። እኛ በተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ 78 ነፍስ የበላ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እንኳ ያልማረ ያ ሰው፣ ለአንድ ለተጠማ ድኩም በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በመጨረሻው ሚዛን ላይ ወጥታ ያን ሁሉ ነፍስ እንደመዘነችለት ተነግሮናል። ስለሆነም ክፉ ሰው በተተረከልን ቍጥር ሳናውቀው ዓይናችን ጥርኝ ውኃውን ይፈልጋል፤ የት ሰጠ፣ ለማን ሰጠ እያልን እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት እንጠብቃለን። ኦዝ ኮብም ጥርኝ ውኃ ነበረችው፤ እርሷም ቪክ ነበረች፤ በመጀመሪያው ክፍል ሳይገድለው የተወው ያ ልጅ የምሕረቱ ብቸኛ ምስክር ነበር። እንግዲህ የመጨረሻው ክፍል ያሳየን አንድ ተጨማሪ ግድያ አይደለም፤ ሰውዬው የሰጠውን ውኃ ከተጠማው እጅ ነጥቆ ሲደፋው ነው ያየነው፤ በላዔ ሰብእ ከሚዛኑ ፊት ቆሞ ጥርኟን ራሱ ቢያነሣት ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ክፋት ፍጹም የሚሆነው በደሎች ስለበዙ አይደለም፤ በደለኛው የራሱን አንድ በጎ ሥራ እንደ ዕዳ ቈጥሮ ሲሰርዘው ነው።

ይህን ክፍል ከጥቂት የአገር ልጆች ጋር ያየሁት በጅዳ ነበር፤ ከነዚያም መካከል በሹፌርነት የሚተዳደር አንድ የወሎ ወጣት ግድያውን ዝም ብሎ አሳልፎ፣ መታወቂያው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ግን ከተቀመጠበት ቀና አለና፣ "ይግደለውስ፣ መታወቂያው ደግሞ ምን አደረገው?" አለ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ሰውዬም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣ "ጠያቂ እንዳይመጣበት ነዋ ልጄ፤ ስም የሌለው ሬሳ ዘመድ የለውም" አሉት። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በኪሱ መኖሩን ሳይዳብስ ከደጅ የማይወጣ ሰው፣ ያለ ወረቀት መገኘት ማለት ያለ ስም መገኘት መሆኑን የሚያውቅ ስደተኛ፣ የድራማው ጸሐፊዎች ምናልባት ለጭካኔ ማጣፈጫ ብቻ ያስገቡትን ያንን ትንሽ ሥራ የሁሉ ቍልፍ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። እኔም ከዚያች ምሽት ወዲህ ነገሩን የማስበው በሽማግሌው በኩል ነው።

ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አውራ ጎዳና በአትሮኖስ ላይ የተዘረጋ ቍርኣን በሚመስለው ታላቅ በር ሥር ያልፋል፤ እንደ እኔ ያለ ክርስቲያን ግን ወደ ቅድስቲቱ ከተማ መግባት ስለማይፈቀድለት፣ ወደ ጣይፍ የሚሄድ እንደ ሆነ ምልክቱን አይቶ በሌላው መንገድ ይታጠፋል። በዚያ መታጠፊያ ባለፍሁ ጊዜ ሁሉ የማስበው ከ1400 ዓመት በፊት ከመካ ወደዚያው ወደ ጣይፍ የሸሸውን አንድ ሐበሻ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ስለ ንጉሥ ነጃሺና ስለ ቢላል ሲነሣ ደረታችንን ነፍተን እናወራለን፤ ስለ ወሕሺ ኢብን ሐርብ ግን የሚያነሣ ብዙ ሰው አልገጠመኝም። ወሕሺ የመካው ሰው የጁበይር ኢብን ሙጥዒም ባሪያ ነበር። የጁበይር አጎት በ624 እ.ኤ.አ. በበድር ጦርነት በነቢዩ ሙሐመድ አጎት በሐምዛ እጅ ስለ ወደቀ፣ ጌታው ወሕሺን ሐምዛን ብትገድል ነፃ ትወጣለህ አለው፤ እርሱም በሐበሻ ወግ ጦር ሲወረውር የማይስት ነበርና፣ በተከታዩ ዓመት በኡሑድ ከድንጋይ ጀርባ አድፍጦ ጦሩን ሰደደ፤ ሐምዛ በወደቁም ጊዜ ጦሩን ነቅሎ ወደ ሠፈሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ሰው በቀር በጦርነቱ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ወደ መካ በተመለሰም ጊዜ ነፃ ወጣ።

በ630 እ.ኤ.አ. መካ ለነቢዩ በተከፈተች ጊዜ ቢላል ከካዕባ ራስ ላይ ወጥቶ አዛን ሲያሰማ፣ ያው የአገሩ ሰው ወሕሺ ወደ ጣይፍ ሸሽቶ ነበር፤ ሁለቱም በባርነት የኖሩ፣ ሁለቱም ነፃነት ያገኙ ሐበሾች ነበሩ፤ አንደኛው ነፃነቱን ያገኘው ስለ እምነቱ በተቀበለው መከራ፣ ሌላው ባፈሰሰው ደም ነበር። የጣይፍ ሰዎችም ሊገብሩ መልእክተኞች ሲልኩ ምድር ጠበበችው፤ ወደ ሶርያ ወይም ወደ የመን ልሂድ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ነቢዩ ወደ ሃይማኖታቸው የገባን ሰው እንደማይገድሉ ሰማና ሄዶ ከፊታቸው ቆመ። እርሳቸውም ሐምዛን እንዴት እንደ ገደለ እንዲነግራቸው ጠይቀው ሁሉን ካስነገሩት በኋላ ሕይወቱን ማሩለት፤ ነገር ግን ፊቱን ከፊታቸው እንዲያርቅ ለመኑት። ወሕሺም እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ወደሚታዩበት ስፍራ ሳይቀርብ ኖረ፤ ከዚያ በኋላ በየማማ ጦርነት፣ ነቢይ ነኝ ብሎ የተነሣውን ሙሰይሊማን ሐምዛን በገደለበት በዚያው ጦር ወጋው፤ አንድ የመዲና ሰውም በሰይፍ መታው፤ ወሕሺም ገዳዩ ከሁለታችን ማንኛችን እንደ ሆንን የሚያውቀው አምላክ ነው ይል እንደ ነበር ይተረካል።

እዚህ ላይ ስለ ተራኪዎች አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሙስጠፋ አቃድ በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ በ2018 ታድሶ በሳዑዲ ሲኒማ ቤቶች የታየው ዘ ሜሴጅ የተባለው ፊልም፣ አንቶኒ ክዊን የተጫወቱትን ሐምዛን ከተመልካቹ ልብ የማይጠፋ ጀግና አድርጎ ስለ ሣለ፣ ወሕሺ ከዚያ ፊልም በኋላ በሰው አእምሮ የሚቀረው እንደ አንድ የተወረወረ ጦር ብቻ ነው፤ በ2012 የረመዳን ወር በኤምቢሲ የታየው ዑመር የተባለው ተከታታይ ድራማ ግን ታሪኩን እስከ የማማ ስለ ወሰደው፣ ያው ጦር ሁለተኛ ጊዜ ሲወረወር እናያለን። ሰውየው አንድ ነው፤ ጦሩም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ተራኪው መጋረጃውን ያወረደበት ስፍራ ነው። እንግዲህ በተረትም በታሪክም ክፉ የምንላቸው ሰዎች ስንቶቹ በኡሑድ ላይ መጋረጃ የወረደባቸው ይሆኑ?

የሆነ ሆኖ የወሕሺን ታሪክ ቀላል የምሕረት ታሪክ አድርጎ የሚያነብ ሰው ከባዱን ነገር ዘሎታል። ምሕረት አገኘ፤ መታየትን ግን አላገኘም። ኦዝ ኮብን ከጎኑ ብናቆመው ነገሩ ይገለበጣል። የኦዝ እናት ፍራንሲስ፣ ልጅ ሳለ ሁለት ወንድሞቹን በጎርፍ መሄጃ ዋሻ ውስጥ ዘግቶ እንደ ገደላቸው ስታውቅ የኖረች፣ በመጨረሻም በፊቱ የመሰከረችበት ናት፤ ከዚያ በኋላ ሕመም ጥሏት መናገር ተስኗት ዓይኗ ብቻ ሲቀር፣ እንዲህ ከምሆን ግደለኝ ብላ ያስማለችውን ቃል አፍርሶ ከተማዪቱን ቍልቍል በሚያይ ፎቅ ላይ አስተኝቷታል። እርሱም ኢቭ የተባለችውን ወዳጁን የእናቱን የመሰለ ልብስ አልብሶ፣ እኮራብሃለሁ እንድትለው አድርጎ፣ ከእርሷ ጋር ይደንሳል። ወሕሺ ያለ መታየት ይቅር ተባለ፤ ኦዝ ደግሞ ያለ ይቅርታ መታየትን በተውኔት ገዛ። ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ዕለት ዕለት የሚያሳፍረው የወሕሺ ነው እለዋለሁ፤ ያ ኀፍረት ግን ቢያንስ የእውነት ነበር።

ስለ ወሕሺ ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ አንድ ጥቂት ነገር አለ። በሶርያ በሖምስ ከተማ ሲያረጅ፣ ሁለት ሰዎች የሐምዛን አገዳደል ከራሱ አፍ ሊሰሙ ሄዱ፤ አንደኛው ፊቱን በጥምጥም ሸፍኖ ታውቀኛለህን ቢለው፣ ወሕሺ እግሮቹን ተመልክቶ፣ በመካ ሳለ ለሞግዚት ያደረሰው የአንድ ሕፃን እግር መሰለው፤ እውነትም ያ ሕፃን ሆኖ ተገኘ። የኡሑድ ገዳይ፣ ሕፃን ታቅፎ በመካ መንገድ የሄደ ሰውም ነበር፤ የታቀፈውንም እግር በሽምግልናው አልረሳውም። ከዚያም የተጠየቀውን፣ ለነቢዩ እንደ ነገራቸው አድርጎ፣ ሳይደብቅ ነገራቸው።

ወደ ሽማግሌው ቃል ልመለስ። በወሎ አበጋሮች የተባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ፣ የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ደጅ ይቆማል፤ እርቁ እስኪወርድ ድረስም ገዳይ የሟች ወገን ባለበት ገበያና ለቅሶ አይታይም፤ ፊትን ማራቅ የምሕረቱ ተቃራኒ ሳይሆን የምሕረቱ ሥርዓት ነው። ይህ ሁሉ ግን የሟች ወገን መኖሩን ይፈልጋል። ወሕሺን የማረው የሟች የወንድም ልጅ ነበር፤ ፊትህን አርቅልኝ የማለት መብት የነበረው፣ መማርም የተቻለው፣ እርሱ ስለ ነበረ ነው። ኦዝ ግን ወገኑን ጎርፍ የፈጀበትን ልጅ ገደለና መታወቂያውን ውኃ ውስጥ ጣለ፤ በዚያ ሥራ ከወንጀል ምርመራ ማምለጡ ትንሹ ነገር ነው፤ ይቅር ሊለው የሚችለውን ሰው ሁሉ ከምድር አጠፋ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ቢጸጸት በማን ደጅ ይቆማል? እናቱ አትናገርም፤ ኢቭ የታዘዘችውን ትናገራለች። ድራማው የሚዘጋው በጎታም ሰማይ ላይ የሌሊት ወፏ ምልክት ስትበራ ነው፤ ባለቤቶቹ ለቀጣዩ ፊልም ባላንጣ ያስፈልጋቸዋልና፣ ባትማን መጥቶ ይቀጣዋል ብለን እንድንጠብቅ ይፈልጋሉ፤ የቅጣቱ ጉዳይ ግን የጎታም ፖሊሶችና የባትማን ነው፤ የቪክን ደም ማን ያደርቃል ለሚለው በዚያ ከተማ የሚላክ ሽማግሌም፣ የሚላክበት ቤትም የለም።