ልብ መቼ ይታመናል?

«ልብህን ስማ፤ ነገን ለነገ ትተህ በዛሬ ኑር» ይባላል። ምክሩን እወደዋለሁ፤ ግን ሁለቱ ግማሾቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስለኛል። ልቤ የሚያውቀው ያለፈውን ነው። ዛሬ ደግሞ ካለፈው ሊለይ ይችላል። እንግዲህ የትኛውን ልስማ? ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ በሐተታው (ደራሲነቱ ዛሬም ሊቃውንትን ቢያከራክርም) የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር አልተቀበለም። የገዛ ልቤ የሚነግረኝንስ ሳልመረምር ልቀበል?

ጥያቄውን በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በካፋ የብዙ ሰው ኑሮ የተመሠረተው ጊዜን በመለየት ላይ ነው፤ ማሩ መቼ ይቆረጥ? ቡናው መቼ ይለቀም?

እዚያው አንድ የንብ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ባለቤቱ አዛውንት ማሩ መድረሱን ሲነግሩኝ፣ «አባቴ፣ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ልቤ ነገረኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ቀጠሉ፦ «የጌተማው ዛፍ አበባውን ጨርሷል። ንቦቹ ደጃፉ ላይ ተደራርበው ማደር ጀምረዋል። ወጥቼ ቀፎውን ከፍ ባደርገው ከበደኝ።»

ልባቸው ብቻውን አልነበረም ማለት ነው፤ ሦስት ምስክሮች አሉት። በካፋ ልማድ ኮቦ የሚባል የደን ይዞታ አለ፤ ባለይዞታው ከድርሻው ደን ቡናና ማር ይጠቀማል፣ ለልጁም ያወርሰዋል። ያንኑ ደን ዕድሜ ልኩን ያየ ሰው፣ ሲሳሳት ባዶ ሰፈፍ፣ ሲሳካለት የሞላ ማር እያገኘ ይማራል። ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን በቅጽበታዊ ስሜት መታመን ላይ ተቃራኒ አቋም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ተስማሙ፤ ቅጽበታዊ ስሜት የሚታመነው ነገሩ ሥርዓት ያለው ሲሆንና ሰውየው ከውጤቱ ለረጅም ጊዜ የመማር ዕድል ሲያገኝ ነው። በራስ መተማመን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአዛውንቱ ልብ ይህን መመዘኛ ያልፋል። እኚሁ ሰው የመጪውን ዓመት የቡና ዋጋ ልቤ ነገረኝ ቢሉኝ ግን አላምናቸውም፤ ዋጋውን የሚወስነውን ሩቅ ገበያ እንደ ደናቸው አላዩትምና። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ዓይን ያላየውንም ልብ ሊያውቀው አይችልም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በዛሬ መኖርን ይመለከታል። የቡና ፍሬ አበባው ከረገፈ በኋላ ለመብሰል ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጅበታል። ባንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ይታያል፤ ስለዚህ ጥሩ ለቃሚ ወደዚያው ዛፍ ይመላለሳል። አንዳንዱ ግን አረንጓዴውንም ጭምር አርግፎ ይሸጣል። በዛሬ የሚኖረው እሱ ነው እንዳልል፣ የሚያስቸኩለው ሌባ ይቀድመኛል ወይም ዕዳዬ ይደርሳል የሚል የነገ ስጋት ነው። የልጁ ሕመም ያስገደደውን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ዛሬን በሙሉ ዓይኑ የሚያየው ግን ፍሬውን በጣቱ ጫን ብሎ ለስልሶ እንደሆነ የሚያረጋግጠው፣ ካልበሰለም የሚተወው ነው። የሚታገሥ ሰው ዛሬውን አላጣም።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ደኑ ራሱ ቢለወጥስ? ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። መዝገብ ግን ዝናብን በወቅቱ አያመጣም። የበጋው ድርቅ ያስተኛውን የቡና እንቡጥ የሚቀሰቅሰው ዝናብ ነው፤ ነጩ አበባ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ይፈነዳና በጥቂት ቀናት ይጠወልጋል። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ፣ በቂ እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ደኑ ሲለወጥ ደኑ ያስተማረው ልብ ደግሞ ምን ይሆናል? የትናንቱን ትምህርት በዛሬው ላይ መጫን ይጀምራል፤ ያኔም ልክ እንደ ቀድሞው በእርግጠኝነት ይናገራል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበትን አገኘሁ። በዛሬ መኖር ልብን የሚያርመው ትምህርት ነው። አዛውንቱ ልቤ ነገረኝ ብለው በዚያው ቢያበቁ ኖሮ የሚያምኑት ትናንትን ይሆን ነበር፤ እሳቸው ግን ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎውን መዘኑ። ዝናቡ ቢዘገይ፣ ጌተማው ያለ ወቅቱ ቢያብብ፣ የዘንድሮው ቀፎ አዲሱን ነገር ይነግራቸዋል፤ ልባቸውም ለከርሞ ታርሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ልቤ ሲናገር ዝም አላሰኘውም፤ ወዲያው አልታዘዘውምም። ይህን ከማን ተማርከው? መምህርህስ ዛሬም ያው ነው? ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልስ ካለው እከተለዋለሁ። ከሌለው ወደ ነገሩ ቀርቤ አያለሁ፤ ማየትና መጠበቅ የማይቻልበት ቦታ ከሆነም፣ ያየ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ።