የማይጠብቅ መምህር

ሜክሲኮ አደባባይ ጫማዬን የጠረገልኝ ሊስትሮ ከመቶ ብር ላይ መልሴን ሳያመነታ ቆጥሮ ሰጠኝ። ጋዜጣዬን አቀብዬ «እስቲ ርዕሱን አንብብልኝ» ስለው ግን አንገቱን ደፋ።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አራተኛ፣ ጋሼ።»

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

የትምህርት ጥራት ነገር ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን መሣሪያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ ገባላቸው። የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅ ነበር፤ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ተማሪው ገባውም አልገባውም መልሱን ነግሮ ያልፍ ነበር። «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም ነበር!

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አጥኚዎች በተለያዩ ክልሎች ሕፃናትን አንድ በአንድ አስቀምጠው በየቋንቋቸው አስነበቡ። ከያዙት መካከል ምንባብና ሰዓት ነበሩ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ የታወቀው ልጆቹን ቁጭ ብሎ የሰማቸው ሰው ስለተገኘ ነው።

ፕላዝማውን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የጠየቅኩትን ራሴ እየመለስኩ ስንቱን አልፌዋለሁ። መሣሪያውም ይምጣ፣ ጥናቱም ይጠና። ልጅ ማንበብ አለመቻሉን እያወቁ ወደሚቀጥለው ክፍል መግፋት ግን ማታለል ነው። ሊስትሮው ሒሳቡን የቻለው ሲሳሳት ወዲያው የሚያርመው ደንበኛ ስላለው ይመስለኛል። ፊደሉ ላይስ ማን ቆሞ ጠበቀው?