ሣጥኑን ሁለት ሰው ይክፈተው

ንባብ፦ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16-21፣ 2ኛ ነገሥት 12



ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው የማወራው። ስለ ገንዘብ ሲነሳ ብዙ ሰው "አምጡ ሊለን ነው" ይላል። አይደለም። የመጣውን እንዴት እንያዘው ነው ነገሩ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ምእመናን ከየአብያተ ክርስቲያናቱ መዋጮ ያሰባስብ ነበር። ጳውሎስን የማያምን ማን አለ? ስለ ጌታ የተገረፈ፣ የታሰረ ሰው ነው። ግን ገንዘቡን ብቻውን አልነካም። ቲቶን ላከ፤ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን ወንድም ላከ፤ በዚያ ላይ ሌላ ወንድም ጨመረበት። ሦስት ሰው ማለት ነው። ለምን? ነቀፋ እንዳይመጣ። በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ መሆኑን ያውቃል፤ ሰውም ይየው ብሎ ነው።

እኛ ጋ እንዴት ነው? እዚህ 31 ሜይ አንዲት እህት ታማ ሁላችንም አዋጣን። ልብስ አጣቢዋ አዋጣች፣ በቀን ሥራ ያለው አዋጣ። ገንዘቡ ለመድኃኒት ዋለ። ግን ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ በጉባኤ ስላልተነበበ ወሬ ተነሳ። እገሌ በላው ተባለ። ሁለት ቤተሰብ መምጣት አቆመ። ማንም ምንም አልበላም እኮ! ግን በምን ይታወቃል? ያልተነበበ ሂሳብ ለሰይጣን በር ነው።

በንጉሥ ኢዮአስ ዘመንም ለቤተ መቅደሱ መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ ዓመታት አለፉ፣ ቤቱ ግን አልተጠገነም። ታዲያ ካህኑ ዮዳሄ ምን አደረገ? ሣጥን ወሰደ፣ ክዳኑን በሳው፣ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩ ነበር። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከቤተ መቅደስ። አንዳንዱ ሰው "እዚያው ምዕራፍ ላይ ሠራተኞቹን ሂሳብ አልጠየቋቸውም ይላል" ብሎ ይከራከራል። እውነት ነው፣ ይላል። ግን ገንዘቡ እነርሱ እጅ ሳይገባ በፊት በሁለት ሰው ተቆጥሯል። እሱን አትዝለሉት።

"እኛ ጥቂት ነን፣ ሕንጻ የለን፣ ባንክ የለን፣ ይሄ ለትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው" የሚልም አለ። በአገራችን በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ሕንጻዋንም የባንክ ገንዘቧንም ወሰደ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከድሮው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ሕንጻ ቢወሰድም ቤተ ክርስቲያን ትኖራለች። ወንድም ወንድሙን ካላመነ ግን በአንድ ክፍል የምንሰበሰብ እኛ ወዴት እንሄዳለን? ደግሞስ እድር ሕንጻ አለው እንዴ? ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ግን አለው። እናቶቻችን ለእድር የሚያደርጉትን እኛ ለጌታ ገንዘብ እንዴት እናጣለን?

አሁን እዚህ ሐርጌሳ ብዙው ገንዘብ በዛድ ነው የሚላከው። ዛድ ደግሞ በአንድ ሰው ስልክ ነው የሚገባው። ስለዚህ ስልኩን የያዘው ወንድም የመጣውን መልእክት ለሌሎቹ ሁለት ያሳይ፣ እነርሱም በደብተር ይጻፉት። የሰጪውን ስም አትጻፉ፤ ያለንበትን አገር ታውቃላችሁ። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ ይበቃል። እኔ ወንጌላዊው ከሦስቱ አንዱ አልሆንም። የሚሰብክና ገንዘብ የሚይዝ አንድ ሰው ባይሆን ለእኔም ለእናንተም ይሻላል።

ስለ መስጠትም አንድ ነገር ልበል። አንዲት እህት "ለእናቴ አገር ቤት ከላክሁ በኋላ ምንም አይተርፈኝም፣ በጌታ ፊት ጥፋተኛ ነኝ ወይ?" ብላ ጠይቃኛለች። አይደለሽም፣ እህቴ። ማርቆስ 7ን አንብቢ። ጌታ የገሠጸው "ቁርባን ነው" እያሉ አባትና እናታቸውን የከለከሉትን ነው። ጳውሎስም በዚያው በ8ኛው ምዕራፍ ስጦታ ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው እንደማይለካ ያስተምራል። ተበድራችሁ መባ አታምጡ። የልጅ ወተት ቀንሳችሁም አታምጡ። መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ስትጥል ጌታ አይቷል፤ ያንቺንም 1000 ሽልንግ ያያል። ምንም ያልያዘ ቀን ደግሞ ባዶ እጅ ነኝ ብሎ ከጉባኤ የሚቀር አይኑር።

በሚመጣው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሦስት ሰው እንመርጣለን፤ ከሦስቱ አንዷ እህት ብትሆን እላለሁ፣ ሴቶቻችን በእቁብ ለምደውታል። ለታመመችው እህት የተዋጣውም ሂሳብ ያን ቀን ከነደረሰኙ ይነበባል። መምጣት ያቆሙትን ሁለት ቤተሰቦች የምታውቁ፣ ቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው።