ስለ ሕፃናት ሥዕልና ስለ ስውር ምልክት የተሰጠ ምክር

ምስጋና ሁሉ፣ የተሰወረውን ለሚያውቅና በልብ ያለውን ለሚመረምር ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ እናንተ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት እመክራለሁ።

አንድ አባት የልጁን ደብተር ይዞ ወደ እኔ መጣ። በሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን የካርቱን ሥዕል ቀድዶ፣ ልጁንም መትቶ ኖሯል። «በዚህ ሥዕል ውስጥ የሰይጣን ምልክት ተሰውሯል» አለኝ። «ወንድሜ ሆይ፣ ማን ነገረህ?» ብለው፣ «ሰዎች ይላሉ» ከማለት በቀር ምስክር አልነበረውም። «ልጅህስ ሥዕሉን ለምን ወደደው?» ብዬ ብጠይቀው ግን ዝም አለ።

ወንድሞቼ ሆይ! ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በጃፓን አገር ፖክሞን የተባለ ጨዋታ ወጣ፤ ስሙም «የኪስ ጭራቆች» ከሚሉ ቃላት ያጠረ ነው። ካርቱኑም ወደ ዐረብ አገሮች በደረሰ ጊዜ፣ ስሙ «አይሁዳዊ ነኝ» ማለት ነው የሚል ወሬ ተነዛ። በ1993 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ ዑለማዎች ጨዋታውን ሲከለክሉ ስለ ምልክቶቹም ተናግረዋል፤ ካርዶቹ ቁማርን መምሰላቸውንም ጠቅሰዋል። የቁማሩ ነገር ማንም በዓይኑ አይቶ ሊመረምረው የሚችል ነው። የስሙ ወሬ ግን ሐሰት ነበር፤ ሐሰትም ሃይማኖትን ጠብቆ አያውቅም።

ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን መድፍ ታያላችሁ። ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው የሴባስቶፖል አምሳያ መሆኑን አባቱ ይነግረዋል። የዚህ ምልክት ትርጉም የታወቀው ሠሪዎቹ ስለ ታወቁ፣ ያዩትም ስለ መሰከሩ፣ ትውልድም ለትውልድ ስላስተላለፈው ነው። ሐዲስን ያለ ሰነድ የማንቀበል እኛ፣ ስለ ሥዕል የሚነገረውን ወሬ ያለ ሰነድ እንዴት እንቀበላለን? በሱረቱል ሑጁራት አላህ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራና ከብዙው ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል።

ደግሞም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራ ተመልከቱ። አቡ ዳውድ እንደ ዘገቡት፣ ከዘመቻ ሲመለሱ በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ.) አሻንጉሊቶች መካከል የጨርቅ ክንፍ የተበጀለት ፈረስ አዩ። ምን እንደ ሆነ ጠየቋት። እርሷም የነቢዩ ሱለይማንን ክንፋም ፈረሶች ጠቅሳ መለሰች፤ እርሳቸውም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እነሆ፣ አስቀድመው ጠየቁ፤ መልሷንም ሰሙ።

ይህን ስል ግን ለሕፃናት የሚታየው ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ጥንቆላን የሚያስመኝ፣ ወላጅን የሚያቃልል፣ በደካማ ውርደት የሚያስቅ ካርቱን አለ። በአንጻሩም በአገራችን ተሠርታ በቴሌቪዥን እንደ ቀረበችው እንደ ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ ትምህርትንና ንጽሕናን የሚያስወድድ አለ። ሁለቱን ለመለየት መስመርና ማዕዘን መቁጠር አያስፈልግም፤ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ይበቃል። ስውሩን ስናሳድድ ግልጹ ያመልጠናል፤ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሰላት ይዘገያል፣ ልጁም ብቻውን ይቀመጣል። በወሬ የተመታ ልጅ ደግሞ ሥዕሉን አይተውም፤ ከአባቱ መደበቅን ይማራል እንጂ።

ለዚያም አባት እንዲህ አልኩት፤ «ደብተሩን ጠግነህ መልስለት፤ ስለ መታኸውም ይቅርታ ጠይቀው፤ ከዚያም አብረኸው ተመልከት። የሚነቀፍ ነገር ብታገኝ ምክንያቱን ንገረው።»

አላህ ሆይ! ልጆቻችንን ከክፉ ነገር ጠብቅልን፤ እኛንም ያለ ዕውቀት ከመፍረድ አድነን። አሚን።