አብሳል ለምን ተመለሰ?

ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ሴቻ ላይ ተቀምጠን ዐባያንና ጫሞን ስንመለከት፣ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ዘመዴ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሰው እንደሆነ አይሰማም። እውነቱን ከነገርከው ይጠላሃል። ኪታቤንና ሶላቴን ይዤ ከሰው ርቄ ብኖር ይሻለኛል።»

ወዲያው አልመለስኩለትም። አብሳል ትዝ አለኝ።

አብሳል እ.ኤ.አ. በ1185 የሞተው የአንዳሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ጡፈይል በጻፈው «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» በተሰኘው ጥንታዊ ልቦለድ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። አንባቢ ሁሉ የሚያስታውሰው ዋናውን ባለታሪክ ሐይን ነው፤ ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችውን፣ ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ በማስተዋል ብቻ ፈጣሪውን ያወቀውን። አብሳል የሚመጣው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። በሌላ ደሴት አብሮ አደጉ ሰላማን ጀመዓን ሲመርጥ፣ እሱ ብቸኝነትን ይመርጣል፤ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፍሎ ለዒባዳ ወደ ሐይ ደሴት ይሻገራል።

ታዲያ የዚህ ወጣት ጓደኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሐይ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ድረስ ያወቀውን ለማንም ሊናገር አይችልም ነበር። አንደበት የሰጠው አብሳል ነው። ሶላቱን፣ ዘካውን፣ ጾሙንና ሐጁን የነገረውም እሱ ነው፤ ሐይም አምኖ ተቀበለ። አብሳልም በበኩሉ በልጅነቱ የተማረው ነገር ውስጠ ትርጉሙ የበራለት በሐይ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ጓደኛ ጌታም አሽከርም አይደለም፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ ሰውን ለማስተማር ሰላማን ወደሚገዛው ደሴት ሄዱ። ሐይ ጠለቅ ያለውን ነገር ሲናገር ሰዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ሐይም ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ሸሪዓቸውን አጥብቀው እንዲይዙ መከራቸው፤ ከአብሳል ጋርም ወደ ባዶው ደሴት ተመለሰ። ሰውን ከአቅሙ በላይ አለማስጨነቅ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው መሠረት የለውም አልልም። ሐይ እንግዳ ነበርና አይፈረድበትም። አብሳል ግን የአገሩ ልጅ ነው። የሕዝቡን ድክመት ለጓደኛው ነገረው እንጂ ወደ ልባቸው መግቢያውን አላሳየውም።

መልሱን ያገኘሁት እዚያው ከተቀመጥንበት ከተማ ነው። በመስከረም 2011 በቡራዩ በደረሰው ግድያና መፈናቀል የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ «ይህ ትውልድ አይሰማም» ብለው ወደ ደጋው ወደ ጨንቻ አልወጡም። ረጅም ንግግርም አላደረጉም፤ ወጣቱ ከልጅነቱ በሚያውቀው ምልክት ተናገሩት። ከአብሳል የጎደለው ይህ ነው።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ይቆዩ ነበር። ወሕዩ ከመጣ በኋላ ግን ወደ መካ ወረዱ። ሰው ሲያሾፍባቸው፣ ሲያስቸግራቸው ዓመታት አለፉ፤ ተከፍተው ወደ ዋሻው አልተመለሱም። ከሰው ጋር ኖሮ ክፉውን የሚታገሥ ሙእሚን ከሰው ከሚርቀው እንደሚበልጥም አስተምረዋል።

ለዘመዴ ይህንኑ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ቢጠሉኝስ?» አለኝ። «ሊጠሉህ ይችላሉ» አልኩት። «አንተ ግን ቋንቋቸውን ታውቃለህ። እሱ አማና ነው፤ ይዘኸው ብትሸሽ ትጠየቅበታለህ።»

ይህን ስለው ለራሴም መናገሬ ነበር። የተማርን ሰዎች ሕዝቡ አልገባውም ብለን በየቤታችን ስንዘጋ፣ የየራሳችንን ደሴት እየሠራን አይደለምን?

ወላሁ አዕለም።