ለመሸበት እንግዳ የበራ መብራት

በሚያዝያና በግንቦት ከደቡብ የሚመጡ ትንንሽ አእዋፍ በቺካጎ ከተማ ላይ በሌሊት ያልፋሉ። ወፍ ለማየት ማልዶ የሚወጣ ሰው በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ቢጫውንና ሰማያዊውን ያያል፤ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሥር ደግሞ ሞተው የወደቁትን የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኞች ያጋጥሙታል። በከዋክብት የምትመራውን ወፍ የከተማው መብራት ያሳስታታል፤ ሲነጋም በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ የታያት ዛፍ እውነተኛ እየመሰላት ትጋጫለች።

ማንም ሳያስበው ለደረሰ ሞት ተጠያቂ ይኖራልን? መብራቱን ያበራው ሰው ክፋት አላሰበም። እንዲያውም ባደግንበት አገር በሌሊት የሚታይ መብራት ለመሸበት መንገደኛ የማደሪያ ተስፋ ነበረ። ባለማወቅ የሆነውን በደል ብለን ለመጥራት አንደፍርም።

ጥያቄው የሚከብደው ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2023፣ አእዋፉ ወደ ደቡብ በሚመለሱበት ወቅት፣ ማኮርሚክ ፕሌስ በተባለው የጉባኤ ማእከል ሥር በአንድ ቀን ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞቱ። በ2024 መስተዋቱ ላይ ነጠብጣብ ያለው ስስ ሽፋን ቢለጠፍበት ሞቱ እጅግ ቀነሰ። ለአንድ ቤት እንኳ (ያን ያህል ወጪ ሳያስፈልግ) መጋረጃ መዝጋትና መብራት ማጥፋት ብዙ ይረዳል።

የትንሣኤ ሌሊታችን ብዙ ጊዜ ከዚሁ የጉዞ ወቅት ጋር ይገጥማል። ለጸሎት የበራው ይብራ፤ ምእመናን ከተበተኑ በኋላ በባዶው አዳራሽ የሚያድረው መብራት ግን ለማን እንደሚበራ ብንጠየቅ መልስ የለንም።